ዜማና ምልክቱ፤ ከብራና እስከ ኮምፒዩተር

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ የተቈረቈረችው የጅቡቲ ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ ለኢትዮጵያ የባሕር በር ሆና ኖራለች። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሥራ በ1897 ከዚህች ከተማ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በዚህ በር ቡናና ጨው፥ ጨርቅና ብረት ሲመላለስ፥ መጽሐፍና ወረቀት፥ የድምፅ መቅረጫና የዘፈን ሸክላም አብሮ ተመላልሷል። ዛሬም ኢትዮጵያን ከዓለም ጋር ከሚያገናኙት የመረጃ መሥመሮች አንዱ ከባሕር ሥር ገመድ ተነሥቶ በዚህችው ከተማ በኩል ያልፋል።

ነገር ግን በጭነት ሰነድ የማይመዘገብ፥ በሚዛንም የማይለካ አንድ ሀብት አለ፤ እርሱም ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ዜማ ነው። ዜማ በጽሑፍ ሲሰፍር ምኑ ይጻፋል? ምኑስ ሳይጻፍ ይቀራል? ያልተጻፈውንስ ማን ይጠብቀዋል? ይህ ጥያቄ በብራና ዘመን ሊቃውንትን አሳስቦ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር ኖታ የሚጽፍ መምህር ሁሉ ሳይወድ በግዱ ይገናኘዋል። ስለዚህ የጥያቄውን ታሪክ ከሥሩ መመልከት ለማስተማር ሥራ የሚጠቅም ይሆናል።

በጅቡቲ ከተማ የሚኖር ሰው ሦስት ዓይነት የዜማ ንባብ ለመስማት ዕድል አለው። ከ1906 ጀምሮ በቆመው በሐሙዲ መስጊድና በሌሎችም መስጊዶች የቅዱስ ቁርኣን ንባብ ይሰማል። በሶማሌዎች ጉባኤ «ገበይ» የተባለው ግጥም «ሉቅ» በሚሉት ዜማ ይነገራል። በከተማይቱ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ደግሞ በቅዳሴያቸው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያሰማሉ። ሦስቱም በሃይማኖትም በቋንቋም የተለያዩ ቢሆኑ፥ በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ሁሉም ከመምህር አፍ በመቀበል የሚጠኑ ናቸው። የሚለያዩት በወረቀት ላይ ባኖሩት ምልክት መጠን ነው።

በቁርኣን መጻሕፍት ከመሥመሩ በላይ የሚታዩ ጥቃቅን ፊደላት አሉ። እነዚህ ፊደላት የቃላት አሕጽሮት ናቸው፤ «ሚም» የተባለችው ፊደል በዚያ ስፍራ መቆም ግዴታ መሆኑን፥ «ጂም» የተባለችው ደግሞ መቆምም መቀጠልም የተፈቀደ መሆኑን ታመለክታለች። በ1924 በካይሮ የታተመው ቁርኣን የእነዚህን ምልክቶች አጻጻፍ በሰፊው አስለምዷል። ሆኖም ድምፁ የት ከፍ፥ የት ዝቅ እንዲል የሚያዝዝ ምልክት በመጽሐፉ የለም። ይህ ድርሻ ለአስተማሪውና ለደረሳው የተተወ ነው።

የሶማሌ ግጥም ደግሞ ከዚህም ባነሰ ጽሑፍ ኖሯል። በሶማሊያ የሶማሌ ቋንቋ የመንግሥት ጽሕፈት ፊደል ያገኘው በ1972 ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ ረጃጅም ግጥሞች በቃላቸው በሚይዙ ሰዎች ተጠብቀው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፉ ነበር። የግጥሙ መለኪያ የአናባቢዎችን እጥረትና ርዝመት በመቍጠር የሚሠራ መሆኑን መሐመድ ሐሺ ደማዕ «ጋርዬ» የተባለው ባለቅኔ በ1976 በሞቃዲሾ ጋዜጣ አስረድቷል። እንግዲህ ሕጉ ሳይጻፍ ግጥሙ ሲጠበቅ ኖሮ፥ ሕጉ የተጻፈው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ባለቅኔዎቹ ሕጉን በስም ባይጠሩትም ጆሯቸው ያውቀው ነበርና።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ያለው ታሪክ ከሁለቱም ይለያል፤ ምልክቱ እጅግ የበዛ፥ ሥርዓቱም እጅግ የተደራጀ ነውና። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት መሠረት ዜማውን የደረሰው በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፥ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች፥ እንዲሁም ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት መጻሕፍት ለእርሱ ይሰጣሉ። ወደ ምዕራፉ ጥቅስ ሳይገባ እንኳ፥ በሰባተኛው ሙከራ ከዛፍ ጫፍ የደረሰችውን ትል አይቶ ወደ ትምህርቱ የተመለሰው የያሬድ ታሪክ ለተማሪ ሁሉ የሚነገር ነው።

ይሁን እንጂ ዜማው ጥንታዊ ሲሆን፥ ዛሬ የሚታወቀው የምልክት አጻጻፍ የተደራጀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አጭሩ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ ማለት ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ካህናት የድጓውን ምልክት ሠሩ። እነዚህ ሊቃውንት በተድባበ ማርያም ያስተምሩ እንደ ነበር ይነገራል። የብራና መጻሕፍቱም ምስክርነት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ከዚያ ዘመን በፊት የተጻፉት የዜማ መጻሕፍት ንባቡን ብቻ ሲይዙ፥ ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ከንባቡ በላይ በጥቃቅን ፊደላት የተሞሉ ናቸው።

የዘመኑን ሁኔታ ያስተዋለ ሰው የሥራውን ምክንያት ለመገመት አይቸገርም። ከ1529 እስከ 1543 በተደረገው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተቃጥለው፥ ብዙ መጻሕፍት ጠፍተው፥ ካህናትም ተበትነው ነበር። መጽሐፍ ቢቃጠል ከሌላ ቅጂ ይገለበጣል፤ ዜማውን በልቡ የያዘ መምህር ሲሞት ግን ከማን ይገለበጣል? ሁለቱ ሊቃውንት ምልክቱን የሠሩት ጦርነቱ ባለፈ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሆኑ፥ በቃል ብቻ መጠበቅ ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ሳይገለጥላቸው እንዳልቀረ ያስገነዝባል።

ምልክቱ ሁለት ወገን አለው። የመጀመሪያው ወገን ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት የነጥብና የመሥመር ምልክቶች ናቸው፤ እነዚህ ድምፁ እንዲያዝ፥ ወደ ደረት እንዲወርድ፥ እንዲንቀጠቀጥ፥ እንዲደፋ፥ እንዲቃና ወይም እንዲቈረጥ ያሳስባሉ። ሁለተኛው ወገን ራሱ «ምልክት» ተብሎ የሚጠራው፥ ከፊደል የተሠራው ነው። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ከንባቡ በላይ በቀጭን ብርዕ ይጻፋል። ያ ፊደል የአንድ ድምፅ ስም አይደለም፤ ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው አንድ የዜማ ክፍል፥ «ሥረዩ» ከሚባለው፥ የተወሰደ ቃል አሕጽሮት ነው። ተማሪው ፊደሉን ባየ ጊዜ፥ «ይህን ቃል በዚያ ስፍራ እንዳልኸው፥ እዚህም እንደዚያው በል» ተብሎ እንደ ታዘዘ ይቈጠራል። እነዚህ የፊደል ምልክቶች ከ500 በላይ ናቸው።

ስለዚህ ምልክቱ ለሚያውቀው ሰው አስታዋሽ፥ ለማያውቀው ግን ዝምተኛ ነው። ከዚህም በላይ ያንኑ ምልክት የያዘው አንድ ንባብ በቁም ሲዜም፥ በዝማሜ ከመቋሚያ ጋር ሲባል፥ በመረግድ ከከበሮ ጋር ሲወርድ፥ በጽፋትም በጭብጨባ ሲታጀብ ፍጥነቱና አካሄዱ ይለዋወጣል፤ ብራናው ግን ስለዚህ ለውጥ አንዳች አይናገርም። የቤተልሔም፥ የቆማ፥ የአጫብርና የተጉለት ዜማ እየተባለ በትምህርት ቤቱ ወገን የሚለየውም አባባል እንዲሁ ከመምህሩ አፍ የሚገኝ ነው። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ እያዜመ የራሱን ድጓ በገዛ እጁ እንዲጽፍ መደረጉ፥ ጽሑፉና ቃሉ ሳይነጣጠሉ በአንድ ላይ እንዲያዙ ለማድረግ የታሰበ ብልህ ሥርዓት ነው። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም ዛሬም የድጓ ማስመስከሪያ ሆና ትታወቃለች።

በአውሮፓም ጅምሩ ከዚህ ብዙ አልራቀም። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የላቲን ቤተ ክርስቲያን ዜመኞች ከንባቡ በላይ የጻፏቸው ምልክቶች ዜማውን ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ብቻ ነበሩ። በዐሥራ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጊዶ ዘአሬዞ የተባለው መነኵሴ ድምፆቹን በመሥመሮች ላይ የመደርደርን ዘዴ አሻሽሎ ባስፋፋ ጊዜ፥ ልጆች ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከወረቀት እያነበቡ ለመዘመር ቻሉ። ትርፉ ታላቅ ነበረ። በሌላ በኩል ግን በመሥመርና በመሥመር መካከል የሚዋልለው ድምፅ፥ መንቀጥቀጡና መንሸራተቱ፥ በአዲሱ አጻጻፍ ቦታ እያጣ ሄደ። እያንዳንዱ የአጻጻፍ ዘዴ አንዱን ነገር ለማጥራት ሲል ሌላውን ይጥላል፤ የሚጥለውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግን ሌላ መጠበቂያ ያበጅለታል።

የኢትዮጵያን ዜማ በአምስቱ መሥመር ለመጻፍ የሞከረው ቀደምት አውሮፓዊ ጊዮም አንድሬ ቪሎቶ ነው። ከ1798 እስከ 1801 በተደረገው የናፖሌዎን የግብፅ ዘመቻ ከሊቃውንቱ ጋር ሄዶ ሳለ፥ በካይሮ ያገኛቸውን ኢትዮጵያውያን ካህናት እያዜሙ አዳምጦ ጻፈ፤ ሥራውም ስለ ግብፅ በተዘጋጀው ታላቅ የፈረንሳይ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። የድካሙ ዋጋ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የጻፈው በካይሮ የተገኙ ጥቂት ሰዎች ለጆሮው ያሰሙትን ነበረ፤ ድምፅ መቅረጫ በሌለበት በዚያ ዘመን የኋላ ሰው ሥራውን የሚያመሳክርበት መንገድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የጅቡቲ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ በሌላ መንገድ ይገባል። ከ1931 እስከ 1933 በማርሴል ግሪዮል መሪነት አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ከመድረሻው «ዳካር–ጅቡቲ» የሚል ስም አግኝቷል። ጓዱ በ1932 ወራትን በጎንደር አሳልፎ፥ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በቅጂ ተክቶ ወሰደ፤ ብዙ የብራና መጻሕፍትና ክታቦችንም ሰብስቦ በ1933 መጀመሪያ በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ዕቃዎቹ አንዳንድ ጊዜ በምን ዓይነት መንገድ እንደ ተገኙ በ1934 ባሳተመው የዕለት ማስታወሻው አልሸሸገም። በ2025 የፓሪሱ ኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይህንኑ አሰባሰብ እንደ ገና የሚመረምር ዐውደ ርእይ አሳይቷል።

ይህ ጉዳይ ለዜማ ታሪክ የሚሰጠው ትምህርት አለ። ሥዕል ከቦታው ቢነሣም በሄደበት ይታያል፤ የታሪክ መጽሐፍም በሄደበት ይነበባል። ምልክት ያለው የዜማ መጽሐፍ ግን ምልክቱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው አብሮት ካልሄደ፥ ንባቡ እንጂ ዜማው አይወጣም። ዜማው ለመምህሩ ቤት የተጻፈ ነውና ከመምህሩ ሲለይ ግማሽ ይሆናል።

ይህን የተረዱ ሊቃውንት በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጥጋቢ መንገድ አግኝተዋል። ኬይ ካውፍማን ሸሌመይና ፒተር ጀፍሪ ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ባወጡት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ መድበል፥ የብራናውን ጽሑፍ፥ የአምስት መሥመሩን ኖታና የተቀረጸውን ድምፅ ጎን ለጎን አቀረቡ። አንዱ የጣለውን ሌላው ይይዛል፤ አንባቢውም ኖታው የት እንደ ተሳሳተ በጆሮው ሊፈርድ ይችላል። ቪሎቶ ያጣው ማመሳከሪያ ይህ ነበረ።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ ዘመን እንምጣ። የግዕዝ ፊደል የዓለም ኮምፒዩተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት በዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 ነው። በ2005 ደግሞ ዐሥር የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ፤ እነርሱም ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ አጭር ርክርክ፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ሂደት፥ ደረት ሂደትና ቁርጥ ናቸው። ከፊደል የተሠሩት ምልክቶች ፊደላቱ አስቀድመው ስላሉ አዲስ ቍጥር አላስፈለጋቸውም። ይሁን እንጂ ዐሥሩ ምልክቶች በመዝገቡ የተመደቡት ለብቻቸው እንደሚቆሙ ምልክቶች ነው እንጂ፥ በፊደል አናት ላይ በራሳቸው እንደሚወጡ ጭረቶች አይደለም። ስለዚህ የብራና ጸሐፊ በአንድ የብርዕ ጭረት የሚያደርገውን፥ የኮምፒዩተር ጸሐፊ ከንባቡ በላይ ሌላ ቀጭን መሥመር በመዘርጋት፥ እያንዳንዱንም ምልክት ከፊደሉ ትክክል በማቆም ሊያደርገው ይገባል።

የኖታ መጻፊያ ፕሮግራሞች ታሪክም አጭር ነው። ፊናሌ በ1988፥ ሲቤልዩስ በ1993 ወጡ፤ በነጻ የሚታደሉት ሊሊፖንድ በ1996፥ ሚዩዝስኮር ደግሞ በ2002 ተጀመሩ። እነዚህ መሣሪያዎች በመጀመሪያ የተሠሩት ለአውሮፓ ሙዚቃ ስለ ሆነ፥ አዲስ ገጽ ሲከፈት ያለ ጠያቂ የሚያስቀምጡት ልማድ አላቸው። አራት ምት በአንድ ክፍል ይመድባሉ፤ በየአራቱ ምት ቀጥ ያለ መለያ ያሰምራሉ፤ ኦክታቩን በዐሥራ ሁለት እኩል ክፍል ከፍለው ያሰማሉ። ቁም ዜማን በዚህ ልማድ የጻፈ ሰው፥ ዜማው የሌለውን ምት ሰጥቶት፥ ያለውን እስትንፋስ ነሥቶት ያገኘዋል። ጥፋቱ ለዓይን ስለሚያምር አደገኛ ነው፤ ገጹ ጽዱና ሥርዓት ያለው ስለ ሆነ ተማሪው ልክ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

መድኀኒቱ ግን በዚያው በመሣሪያው ውስጥ አለ። የምቱን ቍጥርና መለያውን መሥመር መሰወር ይቻላል፤ የኖታውን ራስ ያለ ዘንግ ማኖር፥ ሐረጉ በሚያርፍበት ስፍራም የእስትንፋስ ምልክት ማድረግ ይቻላል። በከበሮ የሚመታው መረግድ ግን ምት ስላለው የምቱን መለያ ማስቀረት አይገባም፤ አጻጻፉ የአባባሉን ዓይነት ይከተል። ከኖታው በታች ንባቡን፥ ከኖታው በላይ የብራናውን ምልክት ማስፈር ፕሮግራሞቹ የሚፈቅዱት ነገር ነው። መነሻው ድምፅ እንደ ዜመኛው ጕሮሮ የሚለዋወጥ መሆኑንም በገጹ ራስ ላይ መግለጥ ይገባል። ደግሞ ፕሮግራሙ ቃሉን በየድምፁ ከፍሎ እንዲጻፍለት ይፈልጋል፤ የግዕዝ ፊደል በተፈጥሮው የተከፈለ ስለ ሆነ ይህ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ድምፅ ይዞ፥ አንዳንዴ ያለ ድምፅ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ይነበባል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚወስነው ንባቡን ያጠና ሰው እንጂ መሣሪያው አይደለም።

ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። የፊናሌ አምራች መሣሪያውን ማሻሻል ማቆሙን በ2024 አስታወቀ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል በእርሱ የተጻፈ ሥራ ሁሉ ወደ ሌላ መሣሪያ መዛወር የሚያስፈልገው ሆነ። በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ሥርዓት የተጻፈ ብራና ግን ዛሬም ብርሃን እስካለ ድረስ ይነበባል። ስለዚህ በኮምፒዩተር የሚጽፍ ሰው ሥራውን በአንድ ድርጅት ፋይል ብቻ አይተወው፤ ከ2004 ጀምሮ የተለያዩ ፕሮግራሞች ኖታ በሚለዋወጡበት በሚዩዚክ ኤክስኤምኤል ዓይነትም ያስቀምጠው፥ በወረቀትም ያትመው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለማስተማር ሥራ የሚወሰደው ሐሳብ ግልጽ ነው። ዜማን ለመዝገብ ወይም ለትምህርት የሚጽፍ መምህር፥ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ያዘጋጅ፤ ንባቡን ከነምልክቱ፥ ኖታውን፥ የዜመኛውንም ድምፅ። በገጹም ላይ ዜማው የየትኛው ትምህርት ቤት አባባል እንደ ሆነ፥ ማን እንዳዜመው፥ የትና መቼ እንደ ተቀረጸ ይጻፍበት፤ ዜመኛው ሳይፈቅድም አይቀረጽ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ተለይቶ ቢሰጥ፥ የኋላ ሰው ቪሎቶን በምንወቅስበት ነገር ሊወቅሰን ይችላል። ይህ ሥርዓት ለገበይም፥ ለእንጉርጉሮም፥ ለለቅሶ ዜማም፥ በየወረዳው ላልተጻፈው የሕዝብ ዜማ ሁሉ ያገለግላል።

ከአገሩ ርቆ በጅቡቲ ወይም በሌላ ወደብ ለሚያድግ ልጅ የተቀረጸ ድምፅና በጥንቃቄ የተጻፈ ኖታ ታላቅ ርዳታ ነው፤ በባሕር ሥር ባለው ገመድ በቅጽበት ይደርሱታልና። ሆኖም ልጁ ሲሳሳት «እንደዚህ አይደለም፤ እንደ ገና በል» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከ500 ዓመት በፊት ገደማ ምልክቱን ሲሠሩ የመምህሩን ወንበር አላነሡም፤ ተማሪው በመምህሩ ፊት ተቀምጦ የሚይዘውን መጽሐፍ ሰጡት እንጂ። ኮምፒዩተሩም በዚያው ስፍራ፥ በተማሪው እጅ፥ በመምህሩ ፊት ይቀመጥ።